የሶፍትዌር ቡድን ሥራን በቻርት መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአጃይል አሠራር፣ ማለትም ሥራን በአጫጭር ዙሮች ከፍለው እያስረከቡ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ "ምን ደረሳችሁ?" ለሚለው ጥያቄ በጣም የተለመደው መልስ "በሂደት ላይ ነው" የሚል ነው። ይህ መልስ ውሸት ባይሆንም ምንም አይነግረንም። ከዚህ በታች የመለስኳቸው ጥያቄዎች ቻርት መሥራት የጀመሩ ቡድኖች በየጊዜው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርንዳውን ቻርት ምንድን ነው? እንዴትስ ይነበባል?

በአንድ ስፕሪንት (ቡድኑ የተረከበውን ሥራ ለመጨረስ በሚመድበው አጭር የሥራ ዙር) ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደቀረ በየቀኑ የሚያሳይ ሥዕል ነው። አግድም መስመሩ ላይ ቀናት፣ ቋሚው መስመር ላይ የቀረው ሥራ ይቀመጣል። ሥራው በስቶሪ ፖይንት (ቡድኑ ለሥራው ክብደት በግምት በሚሰጠው ነጥብ) ሊለካ ይችላል፤ በሰዓት ወይም በሥራዎቹ ቁጥርም ይቻላል።

አምስት ሰዎች ያሉት ቡድን የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ጀመረ እንበል። አሥር የሥራ ቀናት አሉት፤ የተረከበው ሥራ 40 ነጥብ ነው። ከ40 ተነሥቶ በአሥረኛው ቀን ዜሮ ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር አስቀድሞ ይሰመራል። ይህ በየቀኑ አራት አራት ነጥብ ቢያልቅ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ከዚያ በየቀኑ ማብቂያ በእውነት የቀረው ነጥብ ይመዘገባል። በሦስተኛው ቀን ማታ የቀረው 37 ከሆነ፣ ቀጥተኛው መስመር ደግሞ 28 ላይ ስለሚገኝ፣ ቡድኑ በ9 ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ቀጥተኛው መስመር ማመሳከሪያ ብቻ ነው። እውነተኛ ሥራ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው የሚወርደው፤ አንድ ቀን ይቆማል፣ በማግስቱ አምስት ነጥብ ዝቅ ይላል። በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል እውነተኛ መስመር ሳይ እጠራጠራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ለማሳመር ብሎ የሞላው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህ ቻርት ከየት መጣ? ጋንት ቻርት አይበቃም ነበር?

በርንዳውንን ያስተዋወቀው ኬን ሽዋበር ነው። ከጄፍ ሰዘርላንድ ጋር ሆነው ስክረምን፣ ማለትም በስፕሪንት የሚሠራበትን የአጃይል ዘዴ፣ በ1995 ለሙያው ማኅበረሰብ ካቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። በሄንሪ ጋንት ስም የሚጠራው ቻርት ከዚያ በብዙ ዓሥርት ዓመታት ይቀድማል፤ የትኛው ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በአግድም ዘንጎች ያሳያል። ለሕንፃ ግንባታ ዛሬም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጣሪያው ከግድግዳው በፊት አይሠራምና። በሶፍትዌር ግን ደንበኛው የመጀመሪያውን ገጽ ሲያይ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ሥራውም አብሮ ይቀየራል። በየካቲት 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራ የተሰበሰቡት 17 ሰዎች የአጃይልን መግለጫ ሲያወጡ ካስቀመጧቸው መርሆዎች አንዱ፣ የእድገት ዋነኛ መለኪያ የሚሠራ ሶፍትዌር እንደሆነ ይናገራል። በርንዳውን ከዚህ መርሕ ጋር ይስማማል፤ የሚቆጥረው ያለቀውን ብቻ ነው።

መስመሩ ለቀናት ሳይወርድ ቢቀር ምን እናድርግ?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ በቡድናችን ከደረሰ ነገር ልጀምር።

ለአንድ ደንበኛ የክፍያ ሥርዓት እንሠራ ነበር። ቻርቱን የምንሥለው ግድግዳ ላይ በለጠፍነው ትልቅ ወረቀት በማርከር ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ነጥቦቹ 31 ላይ ጎን ለጎን መደርደር ጀመሩ። በየጠዋቱ ቆመን ስንነጋገር ሁሉም "በሂደት ላይ ነው" ይላል። ዓርብ ዕለት ማርከሩን የያዘችው ባልደረባችን አራተኛውን 31 ከማስቀመጧ በፊት ወደ እኛ ዞራ፣ "ይህ መስመር እንዲወርድ ምን ጎደለው?" ብላ ጠየቀች። ለአፍታ ዝም ተባለ። ከዚያ ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንሰው ፕሮግራመር ተናገረ። የሙከራ ሰርቨሩን የይለፍ ቃል ከደንበኛው ከጠየቀ አራት ቀን ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ልኳል፤ መልስ አልመጣለትም። ሌሎች ሁለት ሥራዎችም የእርሱን ማለቅ ይጠብቁ ነበር። ቀድሞ ለምን እንዳልነገረን ስንጠይቀው፣ "አልቻልኩም ያልኩ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው" አለ። ወዲያው ስልክ ተደወለ፤ የይለፍ ቃሉ ከምሳ በፊት ደረሰ። ሰኞ ማታ 31 የነበረው 18 ሆነ።

ያቺ ባልደረባችን የጠየቀችው ስለ መስመሩ ነው፤ ማንንም በስም አልጠራችም። ታላቅ በሚከበርበት ቢሮ ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ በአለቃውና በታላላቆቹ ፊት "ተቸግሬአለሁ" ማለት በጣም ይከብደዋል። "አንተ ምን ሠራህ?" ሲባል ራሱን ይከላከላል። "መስመሩ ለምን ቆመ?" ሲባል ግን ከሌሎቹ ጋር አብሮ ወረቀቱን ያያል። ለእኔ የቻርት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ችግሩን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል።

መስመር የሚቆመው ሌላውን በመጠበቅ ብቻ አይደለም። ሥራዎቹ በጣም ትልልቅ ከሆኑ፣ ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 13 ነጥብ ከሆኑ፣ ሁሉም ሰው በትጋት እየሠራ ቻርቱ ሳምንቱን ሙሉ አይነቃነቅም። መፍትሔው በሁለት ቀን ውስጥ ሊያልቁ በሚችሉ ቁርጥራጮች መከፋፈል ነው። ፍተሻ ሁሉ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሲቀር ደግሞ መስመሩ እስከ ስምንተኛው ቀን ሜዳ፣ ከዚያ በኋላ ገደል ይሆናል። ይህን ቅርጽ በሁለት ተከታታይ ስፕሪንቶች ካያችሁት ፈታሹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፕሮግራመሮቹ ጎን አስቀምጡት። አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሥራው አልቋል፤ የመዘገበው ሰው የለም።

ግማሽ ያለቀ ሥራ ግማሽ ነጥብ ያገኛል?

አያገኝም። አምስት ነጥብ የሚይዝ ሥራ እስኪያልቅ ዜሮ ነው፤ ሲያልቅ አምስት ነው። "90 በመቶ አልቋል" የተባለ ሥራ በሚቀጥለው ሳምንትም 90 በመቶ ላይ ሲገኝ ያላየ ቡድን ያለ አይመስለኝም። ለዚህም "አለቀ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቡድኑ አስቀድሞ ይስማማ፦ ኮዱ ተጽፏል፣ ሌላ ሰው አይቶታል፣ ተፈትሿል፣ ከዋናው ኮድ ጋር ተቀላቅሏል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ነጥቡ አይቀነስም።

ደንበኛው ሥራ ሲጨምር መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ቡድኑ ሰነፍ መሰለ እኮ!

ለዚህ ነው በርንአፕ ቻርት የሚያስፈልጋችሁ፤ በተለይ ብዙ ስፕሪንት ለሚፈጅ ሥራ።

በርንዳውን አንድ መስመር ብቻ ስላለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል፦ የእኛን ፍጥነትና የሥራውን መጠን። ጠቅላላው ሥራ 150 ነጥብ ነበር፣ 100 ጨርሰናል፣ 50 ቀረ እንበል። በሚቀጥለው ስፕሪንት 20 ጨረስን፤ ደንበኛው ግን በዚያው ጊዜ 40 ጨመረ። በርንዳውኑ ላይ የቀረው ከ50 ወደ 70 ወጣ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለት ሳምንት ባከነ።

በርንአፕ ሁለት መስመር አለው። የታችኛው ያለቀውን ሥራ እየደመረ ሽቅብ ይወጣል፤ የላይኛው ጠቅላላውን የሥራ መጠን ያሳያል። በዚህ ቻርት ላይ የእኛ መስመር ከ100 ወደ 120 ሲያድግ ይታያል፤ የላይኛው ከ150 ወደ 190 ሲዘልም ይታያል። ደንበኛው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ንግግሩ ይለወጣል። "ለምን ዘገያችሁ?" የሚለው ቀርቶ "ከእነዚህ 40 ነጥቦች የትኞቹ ሊቆዩ ይችላሉ?" ወደሚለው ይመጣል። ከደንበኛ ጋር ለምትነጋገሩበት ስብሰባ ሁልጊዜ በርንአፕን ይዛችሁ ግቡ።

"መቼ ያልቃል?" ለሚለው ጥያቄ ቻርቱ መልስ አለው?

አለው፤ አንድ ቀን ግን አይሰጣችሁም። ቡድኑ በአንድ ስፕሪንት ውስጥ የጨረሰው ነጥብ ቬሎሲቲ ይባላል። ያለፉት አምስት ስፕሪንቶች 18፣ 24፣ 21፣ 15 እና 22 ከሆኑ አማካዩ 20 ነው። የቀረው ሥራ 120 ነጥብ ከሆነ፣ በአማካዩ ስድስት ስፕሪንት ይፈጃል። ሆኖም ሁሉም ስፕሪንት እንደ ደካማው 15 ቢሆን ስምንት ይሆናል፤ እንደ ጠንካራው 24 ቢሆን አምስት። ስፕሪንቱ የሁለት ሳምንት ከሆነ ሐቀኛው መልስ "ከ10 እስከ 16 ሳምንት" ነው።

ደንበኞች ይህን መልስ ሲሰሙ መጀመሪያ ፊታቸው ይከብዳል። ቢሆንም ስፋቱን ደብቆ "በ12 ሳምንት" ማለት ከአሁኑ የማይታወቅን ነገር እንደሚታወቅ አድርጎ መሸጥ ነው። ከሁለት ስፕሪንት በኋላ ስሌቱን ደግማችሁ አሳዩአቸው፤ ስፋቱ እየጠበበ ሲሄድ ያምኗችኋል።

ሁለት ቡድኖችን በቬሎሲቲ ማወዳደር እንችላለን?

አትችሉም። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ ቡድን 5 ብሎ የገመተውን ሥራ ሌላው 13 ብሎ ይገምተዋል፤ ነጥብ በአንድ ቡድን ውስጥ ሥራዎችን እርስ በርስ ለመመዘን የተፈጠረ መለኪያ ነው። ኪሎ ወይም ሜትር አይደለም። ውድድር የተጀመረ ዕለት ትናንት 3 የነበረው ሥራ ነገ 5 ይሆናል፣ ቬሎሲቲው ያድጋል፣ የተሠራው ሥራ ግን ያው ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ካነሣው ሐሳብ የተወለደ፣ በስሙ የሚጠራ ሕግ አለ፦ መለኪያ የነበረው ነገር ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይጠፋል። ከአጃይል መግለጫ ፈራሚዎች አንዱ የሆነውና ስቶሪ ፖይንትን ሳይፈጥረው እንዳልቀረ የሚናገረው ሮን ጄፍሪስ፣ ነጥቡ እንዲህ ለማነጻጸሪያና ለማስጨነቂያ ሲውል አይቶ በመጀመሩ እስከ መጸጸት ደርሷል።

እኛ በስፕሪንት አንሠራም፤ ሥራ በመጣ ቁጥር እንቀበላለን። ምን ዓይነት ቻርት ይሁነን?

በካንባን (ሥራን በስፕሪንት ሳይገድቡ በሰሌዳ ላይ ከደረጃ ወደ ደረጃ እያሳለፉ በሚሠራበት ዘዴ) የሚሠራ ወይም የጥገና ጥያቄዎችን የሚያስተናግድ ቡድን ከሆናችሁ፣ የድምር ፍሰት ቻርት ለእናንተ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሲታይ እንደ ተደራረበ የጥበብ ጥለት ያሸበረቀ ስለሆነ ብዙዎች ይሸሹታል። ሲለመድ ግን ከሁሉም ቻርቶች የበለጠ ይናገራል።

ሥራዎቹ ባሉበት ደረጃ ተለይተው በቀለም ይደረደራሉ፦ ያልተጀመረ፣ በሥራ ላይ ያለ፣ ፍተሻ ላይ ያለ፣ ያለቀ። በየቀኑ በእያንዳንዱ ደረጃ ያሉት ይቆጠራሉ፤ ቀለሞቹም አንዱ በሌላው ላይ እየተደመሩ ወደ ቀኝ ይዘልቃሉ። የአንዱ ቀለም ቁመት በዚያ ደረጃ ስንት ሥራ እንዳለ ይነግራችኋል። ጤነኛ ፍሰት ባለበት ቻርት ላይ ቀለሞቹ ስፋታቸውን ጠብቀው አብረው ይወጣሉ።

አንዱ ቀለም እያበጠ ሲሄድ እዚያ ቁሙ። ባለፈው ሰኞ ፍተሻ ላይ የነበሩት ሦስት ሥራዎች በዚህ ሰኞ ዘጠኝ ከሆኑ፣ አራት ፕሮግራመሮች የሚጨርሱትን አንድ ፈታሽ መቀበል አቅቶታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቡድኖች የሚሠሩት ስሕተት ፕሮግራመሮቹ እጃቸው ባዶ እንዳይሆን አዲስ ሥራ ማስጀመር ነው። ወፍጮ ቤት በር ላይ ተጨማሪ ጆንያ ቢከመር ወፍጮው አይፈጥንም፤ የሚረዝመው ወረፋው ነው።

ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር ነው። በኋላ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ሊትል በ1961 ማረጋገጫውን ያሳተመው ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያለው አማካይ የሥራ ብዛት፣ በየቀኑ የሚገባው ሥራ ሲባዛ አንዱ ሥራ በሥርዓቱ ውስጥ በአማካይ በሚቆይበት ጊዜ ነው። የሚገባውና የሚወጣው ከተመጣጠነ በተገላቢጦሽ እንዲህ ይሠራል፦ በእጃችሁ 12 የተጀመሩ ሥራዎች ካሉና በቀን ሦስት ከጨረሳችሁ፣ አንዱ ሥራ በአማካይ አራት ቀን ይቆያል። በቀን ሦስት እየጨረሳችሁ የተጀመሩትን 24 ካደረጋችሁ ደግሞ ስምንት ቀን ይቆያል። ማንም ሰው ሳይሰንፍ ደንበኛው የሚጠብቅበት ጊዜ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ፍተሻው ሲያብጥ አዲስ ሥራ ማስጀመር አቁሙ፤ ከፕሮግራመሮቹ ሁለቱ ወንበራቸውን ወደ ፈታሹ ያዙሩ። ቀለሙ በቀናት ውስጥ ሲከሳ ታያላችሁ።

በዓል፣ የመብራት መጥፋትና የኢንተርኔት መቋረጥ ቻርቱን ያበላሹብናል። እንዴት እንያዘው?

በዓሉን አስቀድማችሁ ከቀናቱ ውስጥ አውጡት። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የሚሠራ የአዲስ አበባ ቡድን ስፕሪንቱን የሚያቅደው በደንበኛው የቀን መቁጠሪያ ከሆነ፣ ታኅሣሥ 29 ገና ነው፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው ብሎ የሚያስታውስለት የለም። ጥምቀት ደግሞ ከከተራ ጀምሮ ብዙ ሰው ከቢሮ የሚወጣበት በዓል ነው። በዚያ ስፕሪንት የተለመደውን 40 ነጥብ ተረክቦ መስመሩ ለምን ሜዳ ሆነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ መጀመሪያውኑ 30 መረከብ ይሻላል። ኢድ ደግሞ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ቀኑ በአንድ ቀን ሊለዋወጥ ይችላል፤ ሁለቱንም ቀን ባዶ አድርጎ ማቀድ ጥሩ ነው።

መብራትና ኢንተርኔት አስቀድመው አይታወቁም። እነዚህን ከነጥቡ ጎን በአጭሩ ጻፉ፦ "መብራት የለም፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ"። እኛ ለሦስት ወር እንዲህ ስንጽፍ ቆይተን ማስታወሻዎቹን ቆጥረን ለአስተዳደሩ አቀረብን። ስለ ጄኔሬተር ለረጅም ጊዜ ስናጉረመርም ያልተሰማው ጥያቄያችን በአንድ ወረቀት መልስ አገኘ።

በጂራ (የቡድን ሥራ መከታተያ ሶፍትዌር) ይሻላል ወይስ በወረቀት?

ሁሉም በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ከሆነ በወረቀት ጀምሩ። በየቀኑ ተነሥቶ አንድ ነጥብ በእጅ ማስቀመጥ፣ ማንም ከፍቶ ከማያየው ገጽ ይበልጣል። ቡድኑ በተለያየ ከተማ ከሆነ ጂራ ወይም ሁለት ዓምድ ያለው ተራ ኤክሴል ይበቃል። ጂራ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። ሥራው እንዳለቀ የሚቆጠረው በሰሌዳው የመጨረሻ የቀኝ ዓምድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ብዙዎች ከዚያ በፊት ያለው ዓምድ ላይ ትተውት "ቻርቱ አይሠራም" ይላሉ። እንዲሁም በሰሌዳው ማስተካከያ ውስጥ የሥራ ያልሆኑ ቀናትን ማስገባት ይቻላል፤ የአገራችንን በዓላት እዚያ አስገቡ።

ስክረም በርንዳውንን ግዴታ ያደርጋል?

አያደርግም። የ2020 የስክረም መመሪያ በርንዳውንን፣ በርንአፕንና የድምር ፍሰት ቻርትን ጠቃሚነታቸው የታዩ አማራጮች አድርጎ ይጠቅሳቸዋል፤ በተግባር ከታየው ነገር የመማርን ቦታ እንደማይተኩም ይናገራል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። አንዱን መርጣችሁ ለአራት ስፕሪንት ያዙ።

በቻርቱ መሠረት ከዘገየን ሰው እንጨምር?

ስፕሪንቱ መሐል ላይ ከሆነ አይሆንም። ፍሬድ ብሩክስ ከአይቢኤም ልምዱ ተነሥቶ በ1975 የጻፈው ዛሬም አልተሻረም፤ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር ይበልጥ ይዘገያል። አዲሱን ሰው የሚያስተምሩት ሥራውን ይዘው የነበሩት ናቸውና። ይልቅ ሥራ ቀንሱ፤ የትኛው እንደሚቀር ከፕሮዳክት ኦውነሩ (የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ከሚወስነው ሰው) ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

ሥራ አስኪያጃችን በየሰው የተከፋፈለ ቻርት እንድናቀርብላቸው ጠየቁን። ምን እንበል?

ጥያቄያቸው ከክፋት የመነጨ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ደመወዝ የሚከፍል ሰው ሥራው የት እንዳለ ማወቅ መብቱ ነው። ነገር ግን በየሰው የተከፋፈለ ቻርት የተለጠፈ ዕለት፣ ጓደኛውን ለመርዳት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሰው ከመስመሩ ይጎድላል። የሌላውን ኮድ በጥንቃቄ የምታይ ባልደረባ ሰነፍ ትመስላለች። ያ የይለፍ ቃል ሲጠብቅ የነበረው ልጅ ደግሞ ሌላ ጊዜ የባሰ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ለድርጅቱ አራት ቀን ያስከፍላል።

እኔ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ ያደረግሁት የሚከተለውን ነው። ለሥራ አስኪያጁ የቡድኑን በርንአፕ አተምሁላቸው፤ ከሥሩም የቆሙ ሥራዎችን ዝርዝር ጨመርሁበት፦ ምን እንደቆመ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የማንን ውሳኔ እንደሚጠብቅ። በዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አምስት ሥራዎች ሁለቱ የእርሳቸውን ፊርማ ይጠብቁ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።